ኮንዶሚኒየም፣ አፓርታማ ወይስ የግቢ ቤት? በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት ለምትመርጡ

ባለፈው ታኅሣሥ ታናሽ እህቴ «ቤት ልገዛ ነው፣ አብረሽኝ ዙሪ» አለችኝ። ሕንፃ መንደፍ እንጀራዬ ስለሆነ ዘመድ ቤት ሊገዛ ሲነሣ ስልኩ የሚደወለው ወደ እኔ ነው። አራት ቅዳሜ ዞርን። ከአያት ተነሥተን የካ አባዶ ደረስን፤ በሌላ ቀን ቱሉ ዲምቱንና ኮዬ ፈጬን አየን፤ መጨረሻ ላይ በለገጣፎ በኩል ወጣን። በየሄድንበት በር የሚከፍትልን ሰው የሚያሳየን ያንኑ ነበር፦ ሴራሚኩን፣ የጂፕሰም ኮርኒሱን፣ የኩሽናውን ካቢኔት። እናታችን አብራን ነበረች። አንዱ ቤት ውስጥ ሳሎኑ መሃል ቆማ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገችና «ይሄ ቤት ለምን እንዲህ ይበርዳል?» አለች። ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፣ ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል። መስኮቱን ከፍቼ አየሁ። በደቡብ በኩል፣ ስምንት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ሌላ ሕንፃ ተገትሯል። ያ ሳሎን ከኅዳር እስከ ጥር የቀትር ፀሐይ አያገኝም።

ሴራሚክ በሳምንት ይቀየራል፣ ቀለምም እንዲሁ። ሕንፃው ፊቱን ወዴት እንዳዞረ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ ከጎረቤት ሕንፃ ምን ያህል እንደራቀ፣ ከሥሩ ምን ዓይነት አፈር እንዳለ ግን ከገዛችሁ በኋላ የምታስተካክሉት ነገር አይደለም። ዳርቻ ላይ ያሉትን ሦስት ዋና ዋና ምርጫዎች በእነዚህ በማይቀየሩት ነገሮች ላነጻጽራችሁ ነው። ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ አልገባበትም።

ምርጫዎቹ

አንደኛው ኮንዶሚኒየም ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቦሌ ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀምሮ ወደ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ተስፋፋ። ብዙው ጂ+4 (ምድር ቤትና ከላዩ አራት ፎቅ) ነው፤ ሊፍት የለውም። በ20/80 (ገዢው 20 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን በባንክ ብድር በሚከፍልበት) ስቱዲዮው 20 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለቱ ከ30 እስከ 45፣ ባለ ሦስቱ ከዚያ በላይ ተብሎ ነው የታቀደው። 40 በመቶው በቁጠባ የሚሸፈንበት 40/60 ሰፋም ከፍም ይላል፣ ሊፍትም አለው።

ሁለተኛው የሪል እስቴት አፓርታማ ነው። ሦስተኛው የግቢ ቤት፦ በሊዝ ወይም በማኅበር ቦታ ላይ ራሳችሁ የምታሠሩት፣ አለዚያም ተሠርቶ የሚሸጥ ቪላ ወይም ጂ+1። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ስለተጠቃለሉ፣ ካርታው ከየትኛው አስተዳደር እንደወጣ ከሁሉ በፊት አጣሩ።

ፀሐይና አየር

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፣ ወደ እንጦጦ ግርጌ ስትወጡ ደግሞ ይጨምራል። ከፍታው ሌሊታችንን ያቀዘቅዘዋል። ቦታችን ደግሞ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ በሰሜን በኩል፣ የቀረውን ጊዜ በደቡብ በኩል እንድታልፍ ያደርጋል። ብርዱ የሚጠናው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። እንግዲህ ሳሎኑ በደቡብ መስኮት የተከፈተ ቤት ልክ በሚበርድበት ወር ፀሐይ ይገባዋል። ሰሜን ብቻ የሚያይ ቤት በእነዚያ ወራት ቀኑን ሙሉ ካልሲ ያስለብሳል። ምሥራቅ ለመኝታ ቤት መልካም ነው፣ ጠዋት ያሞቀዋል። ምዕራብ ግን ያስቸግራል፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ድረስ ስለምትዘልቅ፣ በየካቲትና በመጋቢት ሕፃን ማስተኛት መከራ ይሆናል።

የእናቴን ጥያቄ በቁጥር ልመልሰው። በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። 15 ሜትር ቁመት ያለው ጂ+4 በዚያ ሰዓት ወደ ሰሜን 10 ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል፤ 30 ሜትር ከሆነ ጥላው 20 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በደቡብ በኩል ያለው ጎረቤት ሕንፃ የራቀው ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛ በታች ከሆነ፣ ምድር ቤቱ በብርድ ወራት የቀትር ፀሐይ አያይም ማለት ነው። በእርምጃ መለካት ይበቃል።

አፓርታማ ስታዩ ፎቁ ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋው ሲለይ አይቻለሁ፤ ደቡብ የሚያየውና ሰሜን የሚያየው ቤት ዋጋቸው ሲለያይ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። ይህ ለሚያውቅ ገዢ ትልቅ ዕድል ነው፤ በአንድ ዋጋ ሞቃቱን ምረጡ።

አየርን በተመለከተ ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነገር ነው የምናገረው። በዚህ ረገድ ኮንዶሚኒየም ብዙ አዳዲስ አፓርታማዎችን ይበልጣል። ብዙዎቹ አፓርታማዎች መሃል ለመሃል ኮሪደር አላቸው፤ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው በአንድ ወገን ብቻ መስኮት ያገኛሉ። በአንድ በኩል የገባ አየር በሌላ በኩል ካልወጣ የቤቱ አየር አይቀየርም፤ የወጥ ሽታ አልጋ ልብስ ውስጥ ይገባል፣ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሻጋታ ይወጣል። በ20/80 ሕንፃዎች ግን ደረጃውና መተላለፊያው ብዙ ጊዜ ለአየር ክፍት ስለሆነ ቤቱ በፊትም በኋላም መስኮት ይኖረዋል። ጠባብ ቢሆንም ይተነፍሳል።

ብርሃንም ወሰን አለው። ከመስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ከፍታ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ከሄደ በኋላ ይደክማል። መስኮቱ 2 ሜትር ላይ ካበቃ፣ ከ5 ሜትር ወዲያ ያለው የሳሎኑ ጥግ በቀን መብራት ይፈልጋል። ሰፊ ተብለው በሚሸጡ አፓርታማዎች ውስጥ ኩሽናው የሚቀመጠው እዚያ ጨለማው ጥግ ላይ ነው።

በግቢ ቤት ግን ምርጫው የእናንተ ነው፤ ሲበላሽም ተጠያቂው ራሳችሁ ናችሁ። 150 ካሬ ላይ ለሚያሠራ ሰው ሁልጊዜ የምነግረው አንድ ነገር አለ፦ ቤቱን ወደ ሰሜኑ አጥር አስጠጉትና ግቢውን በደቡብ በኩል ተዉት። ጎረቤት ነገ ጂ+2 ቢያቆም እንኳ ግቢያችሁ ፀሐዩን ይጠብቅላችኋል። ተጨማሪ ወጪ የለውም፣ ወረቀት ላይ መስመር ማዞር ብቻ ነው።

ደረጃ፣ ሊፍትና ውሃ

ጂ+4 ላይ አራተኛ ፎቅ ማለት 12 ሜትር ያህል ወደ ላይ፣ 70 ገደማ ደረጃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ካልደረሰ በ20 ሊትር ጀሪካን ይወጣል፤ አንዱ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ከጤፍ ወፍጮ የመጣ ዱቄት፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የተኛ ሕፃን ሁሉ በዚያው ደረጃ ያልፋል። ደፍሬ ልናገርና አስከሬንም በዚያው ይወርዳል። የደረጃው መዞሪያ ጠባብ ሲሆን በሐዘን ላይ ምን ዓይነት ጭንቀት እንደሚጨምር ያየ ሰው አይረሳውም። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የአንዱ ደረጃ ከፍታ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የእግር ማረፊያው ከ28 እስከ 30 ቢሆን ለአዛውንት ጉልበት ይመቻል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ደረጃ ለይታችሁ ለኩ፤ ንጣፉ ሲነጠፍ ከፍታቸው ከሌሎቹ ስለሚለይ ሰው የሚደናቀፈው እነርሱ ላይ ነው።

አፓርታማ ላይ ሊፍት አለ ተብሎ ብቻ አይታለፍም። ሊፍቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ይሸከማል ወይስ የኮሪደር አምፖልና የውሃ ፓምፑን ብቻ? ነዳጁን ማን ይከፍላል? ለ12 ፎቅ አንድ ሊፍት ካለ፣ ተበላሽቶ መለዋወጫ የሚጠበቅበት ወር እንደሚመጣ ቁጠሩት። የግቢ ቤት በዚህ በኩል ያርፋል፤ ሮቶውን ከፍ አድርጎ መስቀልና ለእናት ወይም ለአባት ምድር ቤት ላይ መኝታና ሽንት ቤት ማውጣት ይበቃዋል። ጂ+1 ስታሠሩ መኝታዎቹን ሁሉ ፎቅ ላይ አትስቀሉ።

እንጀራ፣ ቡና፣ በርበሬ

ንድፍ ከኑሯችን ጋር ይስማማ እንደሆነ የሚፈተነው ኩሽና ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፣ ለሁለት ሰዓት ሲጋገርበት ደግሞ እንፋሎቱ ኮርኒስ ያበሰብሳል። ኩሽናው ወደ ውጭ የሚከፈት የራሱ መስኮት ከሌለው ያ ቤት እንጀራ ለሚጋግር ቤተሰብ አልተሠራም፤ ካቢኔቱ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ። ከሳሎን ጋር የተቀላቀለ ክፍት ኩሽና በአፓርታማዎች ዘንድ ፋሽን ሆኗል። ሽንኩርት ለአንድ ሰዓት በሚቁላላበት ቤት ሶፋውም መጋረጃውም ወጥ ወጥ እንዲል ምክንያት ይሆናል። በር ያለው ኩሽና ፈልጉ፣ ካልሆነ በመስታወት ተንሸራታች በር መከፈል የሚችል መሆኑን እዩ።

ከሰል ከዚህ የከፋ ነው። ጭስ ባይኖረውም የሚወጣው ጋዝ ይገድላል፤ የአሉሚኒየም መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ቡና በከሰል ማፍላት አደጋ ነው። በረንዳው ላይ ረከቦትና ሦስት በርጩማ ይቀመጥበት እንደሆነ አስቡ። 1 ሜትር ከ20 የሚሰፋ በረንዳ የቡና ቦታ ይሆናል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ልብስ ከማስጣት አያልፍም።

የኮንዶሚኒየሙ ዕቅድ ይህን ኑሮ አስቦ ነበር፤ በብሎኮቹ መካከል ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት እንዲሠራ ተደርጓል። ሐሳቡን ሁልጊዜ አከብረዋለሁ። በብዙ ቦታ ግን ለሌላ አገልግሎት ውሏል፤ የምትገዙበት ብሎክ ላይ አሁንም ይሠራ እንደሆነ ነዋሪ ጠይቁ። የግቢ ቤት በሰርቪስ ቤቱ ይህን ሁሉ ይገላገላል፤ በርበሬ ለማስጣትም ግቢው አለ። በበጋ ነፋሱ በብዛት ከምሥራቅ ስለሚነፍስ ሰርቪሱን በምዕራብ በኩል ብታደርጉት ጭሱ ወደ ዋናው ቤት አይመለስም።

ከበር ውጭ

የሕይወታችን ጥራት የሚወሰነው በግማሹ ከራሳችን በር ውጭ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ቤት ሲገዛ ግን ይህን ግማሽ አይጎበኘውም።

እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የኩሽናዬ መስኮት ወደ ክፍቱ መተላለፊያ ነው የሚያየው። መጀመሪያ የሚያልፈው ሁሉ ድስቴን የሚያይ ስለመሰለኝ ከብዶኝ ነበር፤ ግማሽ መጋረጃ ሰቀልኩ። ከዚያ ግን ያች መስኮት ስንቱን አደረገች! ከታች የሚጫወቱትን ልጆች ሽንኩርት እየላጥኩ አያለሁ። ሲወድቁ እሰማለሁ። ጎረቤቴ ስታልፍ «ቡና ደርሷል» እላታለሁ። ሰው በሰው ላይ ዓይኑን የሚጥልበት ንድፍ ያለ ዘበኛ ይጠብቃል። መሃል ኮሪደር ባለው አፓርታማ የሚኖር ጓደኛዬ ሦስት ዓመት ሙሉ የፊት ለፊት ጎረቤቱን ስም አያውቅም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሚገናኙት ብርሃን በሌለበት ኮሪደር ውስጥ ቁልፍ ሲያዞሩ ብቻ ስለሆነ ነው።

በሕንፃዎች መካከል ያለውን መሬት በጥንቃቄ እዩት። ለቅሶ ሲደርስ የእድሩ ድንኳን የት ይተከላል? ሠርግስ? ልጆች ኳስ የሚጫወቱት መኪና በማያልፍበት ቦታ ነው? ኮንዶሚኒየም ላይ ብዙ ጊዜ ቦታው አለ፤ ችግሩ መኪና ቀስ በቀስ ሲወርሰው ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የጋራ ይዞታ ስለሆኑ የሚወስነው የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ ዛፍ ተክሎ ከሆነ፣ የቧንቧ ፍሳሽ አስጠግኖ ከሆነ፣ ያ ብሎክ ከጎረቤቱ ብሎክ በብዙ ይሻላል፤ ንድፋቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም። ረጃጅም አፓርታማዎች ላይ መሬቱ በሙሉ ለመኪና ማቆሚያ ሲነጠፍ እያየሁ አዝናለሁ፤ ድንኳን ለመትከል አስፋልት ዳር ከመውጣት ሌላ አማራጭ አይተውም።

የግቢ ቤት ሰፈር ደግሞ የራሱ ጉድለት አለው፣ እርሱም አጥሩ ነው። ግቢው ውስጥ ሮማንና ጤና አዳም ይበቅላል፤ ውጭ ግን ሁለት ሜትር ተኩል ግንብ በግራ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ግንብ በቀኝ፣ መሃል ላይ ባዶ ኮብልስቶን። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ከታክሲ ወርዳ በዚያ መንገድ ብቻዋን የምትሄድ ልጅን የሚያያት መስኮት የለም። ደንበኞቼን ከአጥሩ ላይኛውን ግማሽ በብረት ፍርግርግ አድርጉት፣ በራፉ ላይ መብራት ስቀሉ እላለሁ። ሌባ ይፈራሉ፤ አልፈርድባቸውም። ግን አንዱ ቤት ሲጀምር ሁለተኛው ይከተላል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ጥግ ላይ ሱቅ ያለበት ቅያስም ሌላ ነው። በኮንዶሚኒየም መንገድ ዳር ምድር ቤቱ ላይ ያሉት ሱቆች እስከ ማታ መብራት ያበራሉ፣ ልጅ ሽንኩርት ተልኮ በሰላም ይመለሳል።

ከበሩ እስከ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ድረስ ያለውንም በእግራችሁ ሂዱበት። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቀላል ባቡሩ ከአያት ስለሚነሣ በዚያ መስመር አካባቢ ያለ ሰው አንድ ተጨማሪ አማራጭ አለው። ባጃጅ ሳይዙ የማይወጡበት ቤት ርካሽ መስሎ በየቀኑ ያስከፍላል።

አፈርና ጎርፍ

ይህ በዋናነት የግቢ ቤት ለሚያሠራ ነው። ከቦሌ ዳርቻ እስከ አቃቂ ባለው ሜዳ ላይ ብዙው አፈር መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ ያለውን ቤትም እንደዚያው ያነሣዋል ይጥለዋል። መድኃኒቱ አፈሩን እስከ ጥሩ መሬት ድረስ ቆርጦ ማውጣት፣ ገረጋንቲ ሞልቶ መጠቅጠቅና በባለሙያ የተሰላ መሠረት ማውጣት ነው፤ ገንዘብ ይበላል፣ ግን ከዚህ ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ የለም። ተሠርቶ የሚሸጥ ቪላ ከሆነ ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ወደ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ክረምት የማይዘጋ በር፣ ከግድግዳው የተላቀቀ የዙሪያ ሲሚንቶ ፈልጉ። አዲስ ቀለም የተቀባ አንድ ግድግዳ ብቻ ካለ ጠይቁ።

በሰሜንና በምዕራብ፣ በሱሉልታ መውጫና በቡራዩ በኩል፣ ችግሩ ተዳፋት ነው። ከላይ ያለው ጎረቤት ውሃውን ወዴት እንደሚለቅ፣ ግድግዳ ሆኖ አፈሩን የያዘው ግንብ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ እንዳለው እዩ። ግንባታ ፈቃድ የሌለውን ደግሞ አትንኩት፤ የሕንፃ አዋጁ ያለ ፈቃድ መሥራትን ይከለክላል።

ለማን የቱ ይሻላል

ትናንሽ ልጆች ላሉትና ሁለቱም ወላጆች ለሚሠሩበት ቤት የምመርጠው ከአንደኛ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ጠባብነቱን የሚክስ ሰው አለው። ደረጃ የማይችል አዛውንት ካለ ምድር ቤት፣ ያውም ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ፣ አለዚያም የግቢ ቤት። ብቻውን ወይም ከባለቤቱ ጋር የሚኖር፣ ከቤት ውጭ የሚውል፣ በዓል ወላጆቹ ቤት የሚያከብር ሰው አፓርታማ ቢገዛ አይጎዳም፤ ሁለት ወገን መስኮት ያለውን የማዕዘን ቤት ይፈልግ። ሠርቶ ለመጨረስ ዓመታት የሚታገሥና መሠረቱ ላይ የማይሰስት ሰው ደግሞ ቦታ ካገኘ የግቢ ቤት ያሠራ። ከሦስቱ ውስጥ ከኑሯችን ጋር በትክክል የሚስማማ ንድፍ ማውጣት የሚቻለው እርሱ ላይ ነው፤ በግዴለሽነት ብዙ ሲበላሽ የማየውም እርሱ ላይ ነው።

ለመጎብኘት ሁለት ጊዜ ሂዱ። አንዴ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ አንዴ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ። ከተቻለ ሐምሌ ውስጥ ዝናብ እየዘነበ እዩት፤ ጣሪያውም መንገዱም ያኔ እውነቱን ይናገራሉ። መብራቱን ሁሉ አጥፉና በቀን ብርሃን ብቻ ክፍል ለክፍል ዙሩ። አንዱ ሰው ጎረቤት ክፍል ሆኖ ያውራ፤ ብሎኬቱ በደንብ ካልተለሰነ ቃል በቃል ትሰማላችሁ። ግድግዳ አፍርሳችሁ ለማስፋት ካሰባችሁ የትኛው እንደሚሸከም መሐንዲስ ሳያይ መዶሻ አታንሡ።

እህቴ በመጨረሻ የገዛችው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ የብሎኩ ጫፍ የሆነ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ካየናቸው ሁሉ ሴራሚኩ ያረጀ እርሱ ነበር። ሳሎኑ ደቡብ ያያል፤ ከፊቱ ያለው ሕንፃ ሠላሳ እርምጃ ይርቃል። እናታችን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ በምታርፍበት ቦታ ወንበሯን አድርጋ ጥጥ ትፈትላለች። የኩሽናው እንፋሎት ማውጫ ብቻ ይቀራል፤ ግንበኛው ማክሰኞ ግድግዳውን ሊከፍትልን ይመጣል።